ሩቱ ዳታቤዝ ውስጥ አለ፣ ራውቲንግ ቴብል ላይ ግን የለም

አንድ የሲስኮ ራውተር፣ ሁለት ቪአርኤፍ (በአንድ ራውተር ውስጥ የተለያዩ ራውቲንግ ቴብሎች)፤ የቢሮው ኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) በፕሮሰስ 10፣ የሰርቨሩ በፕሮሰስ 20። ሥራው ሩታቸውን (የኔትወርክ መንገዳቸውን) ማጋራት ነበር። ከቪአርኤፍ ወደ ቪአርኤፍ ኦኤስፒኤፍን በቀጥታ ሪዲስትሪቢዩት ማድረግ (ሩቱን ወደ ሌላው ማስተላለፍ) ስለማይሆን መሃል ላይ ቢጂፒ የሚባለው ሌላ የራውቲንግ ፕሮቶኮል ይገባል፤ ጎረቤት ባይኖረውም ይሠራል።

ኮንፊጉ አጭር ነው። ለቢሮ ራውት ታርጌት (ሩቱ ወደ የትኛው ቪአርኤፍ እንደሚገባ የሚወስን መለያ) ኤክስፖርት 65000:10፣ ኢምፖርት 65000:20፤ ለሰርቨር ግልባጩ። ከዚያ ኦኤስፒኤፍን ወደ ቢጂፒ፣ ቢጂፒን ወደ ኦኤስፒኤፍ። «ማች ኢንተርናል ኤክስተርናል 1 ኤክስተርናል 2» ካላላችሁ ኤክስተርናሎቹ (ከውጭ ወደ ኦኤስፒኤፍ የገቡት ሩቶች) ወደ ቢጂፒ አያልፉም። በቆየ አይኦኤስ (የሲስኮ ሶፍትዌር) ላይ «ሰብኔትስ» ከተረሳ ደግሞ እንደ 10.20.30.0/24 ያለው ሰብኔት ሁሉ ሳያልፍ ይቀራል።

ጉዱ የመጣው ከሥር ባለው የሰርቨር ስዊች ላይ ነው። እሱም ኦኤስፒኤፉን የሚያሄደው በቪአርኤፍ ውስጥ ነው። ጉርብትናው ፉል (ሙሉ)፣ ኤልኤስኤው (ሩቱን የሚያሳውቀው መልእክት) ዳታቤዝ ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ ራውቲንግ ቴብሉ ላይ ግን ምንም። ኤምቲዩ (የፓኬት መጠን ገደብ) አየሁ፣ ፕሮሰሱን ክሊር አደረግሁ። አሁን ሳስበው ያናድደኛል፤ ጉርብትናው ፉል ከሆነ ኤምቲዩ ምን አጠፋ? የድጋፍ ሰዎቹም ያሉኝ «አጥፍተህ አብራው» ነው።

መልሱ ዓይኔ ሥር ነበር። «ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ዳታቤዝ ኤክስተርናል» ስትሉ ኦፕሽንስ የሚለው መስመር ጫፍ ላይ «ዳውንዋርድ» ይላል፤ ታጉ (ሩቱ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር) ደግሞ 3489725928። ይህ ቁጥር 3489660928 ላይ የቢጂፒው ኤኤስ (የኔትወርክ መለያ) ቁጥር 65000 ሲደመር ነው። ራውተሩ ከቢጂፒ ያመጣውን ሩት እንደ ቪፒኤን ሩት ቆጥሮ ዲኤን ቢት (ያንን «ዳውንዋርድ» የሚለውን ምልክት) ያትምበታል። በቪአርኤፍ ውስጥ ያለ ኦኤስፒኤፍ ደግሞ ራሱን እንደ ፒኢ ራውተር (የቪፒኤን አቅራቢው ጠርዝ ላይ እንዳለ ራውተር) ስለሚያይ፣ ማኅተሙን ሲያገኝ ሉፕ (ሩቱ በዙር ተመልሶ መምጣት) እንዳይፈጠር ብሎ ሩቱን ከስሌት ያወጣዋል። ሎግ ላይ አንድ ቃል አይጽፍም።

መፍትሔው «ኬፓቢሊቲ ቪአርኤፍ ላይት» ነው፤ የሚጻፈውም ሩቱን በሚጥለው ስዊች ላይ። ግን የሉፕ መከላከያውን እየነቀላችሁ መሆኑን እወቁ። ሪዲስትሪቢዩት የሚያደርጉት ራውተሮች ሁለት ከሆኑና ይህንኑ ትዕዛዝ እነሱም ላይ ከጻፋችሁ በአንዱ የወጣው ሩት በሌላው ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ሁለቱም ላይ በራውት ማፕ (የሩት ማጣሪያ ደንብ) የራሳችሁን ታግ ስጡት፣ 1020 በሉት፤ ያንን ታግ የያዘው ወደ ቢጂፒ እንዳይመለስም ከልክሉ።

መመሪያዎቹ የማይወዱት የኔ ምክር ደግሞ ይሄ ነው፦ የሚጣራ ሩት ከሌለና ሁለት ትርፍ ፖርት ካለ አንዱን ለቢሮ፣ አንዱን ለሰርቨር ቪአርኤፍ ስጡና በአጭር ፓች ኮርድ አገናኟቸው። ራውተር አይዲያቸው ይለያይ እንጂ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ይተዋወቃሉ፤ ቢጂፒ የለ፣ ዲኤን ቢት የለ። በአንድ ኤሪያ (የኦኤስፒኤፍ ክፍል) ውስጥ ኤልኤስኤ መርጦ ማገድ ስለማይቻል ሁሉም ሩት ያልፋል። ኮርዱ ላይ «አትንቀሉ» ብላችሁ ለጥፉበት፤ ከራውተር ወጥቶ እዚያው ራውተር የሚገባ ገመድ ያየ ሰው በስህተት የተሰካ ይመስለዋል።