ባሕር ዳር ከሁለት ሕፃናት ጋር

ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። የፊታችን ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም ተነሥተን ባሕር ዳር አድረን እሑድ እንመለሳለን። ባለቤቴ የሚታየውን ሁሉ ጽፎልኛል፦ ጢስ ዓባይ፣ ዘጌ፣ ቤዛዊት፣ የቅዳሜ ገበያ፣ አዲሱ ድልድይ። ሁሉም ደግ ነው። ግን ትልቁ ልጃችን አምስት ዓመቱ ነው፤ ትንሿ ሁለት አልሞላትም። ስለዚህ በመጀመሪያው መስመር ላይ የጻፍኩት የቦታ ስም ሳይሆን «ከ6 እስከ 8 ሰዓት እንቅልፍ» የሚል ነው።

ይህን ያስተማረኝ ያለፈው ዓመት ጥቅምት ነው። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ጢስ ዓባይ የደረስነው በቀትር ነበር። ትንሿን አዝያለሁ፣ ትልቁ «እግሬን አመመኝ» እያለ ያለቅሳል፤ ፏፏቴው ሞልቶ ሲያገሳ እኔ ጥላ ፍለጋ ነበር የምዞረው። ልጄ ዛሬም ድረስ የሚያወራው ሌላ ነገር ነው። አመሻሽ ላይ በጣና ሐይቅ ዳር አንድ አዛውንት ታንኳ ሲሠሩ አገኘን። የደረቀውን ደንገል በጉልበታቸው ረግጠው በገመድ ጠፍረው ያስሩታል፤ ጫፉን ወደ ላይ ይቀለብሱታል። «አባባ፣ አይሰምጥም?» አላቸው። «አይሰምጥም ልጄ፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ይከብዳል፤ ያን ጊዜ አውጥቼ ፀሐይ አሞቀዋለሁ» አሉና ቁራጭ ሰጡት። ልጄ በጥፍሩ ልጦ ውስጡን አየው፤ እንደ ስፖንጅ ለስላሳና ነጭ ነው። ቁራጩ አሁንም መስኮታችን ላይ አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከዚያ አልተነሣም ነበር፤ እኛም አላስነሣነውም።

እናም የዘንድሮው ዕቅድ እንዲህ ሆነ። የወንድሜን መኪና ተውሰናል። የመንገዱን ሁኔታ ዓርብ ማታ ከሹፌሮች ጠይቀን፣ ሰላም ከሆነ ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት እንነሣለን። 176 ኪሎ ሜትር ለሕፃን ሩቅ ነው። እንጅባራ ከመድረሳችን በፊት ዘንገና ሐይቅ ላይ ወርደን ቁርስ እንበላለን፤ ዳሩ ገደላማ፣ ውኃውም ጥልቅ ስለሆነ አንዱን ልጅ ባለቤቴ፣ አንዱን እኔ እጅ በእጅ ይዘን። መኪና ለሚያስመልሳት ለትንሿ ሎሚና ፌስታል ከፊት ወንበር ኪስ ውስጥ ይቀመጣል።

ጀልባው እሑድ ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል። ዘጌ ይቅርብን፤ ደርሶ መልሱ ለእነሱ ይረዝማል። ክብራን ገብርኤል የደሴት ገዳም ነው፣ ሴት አይገባበትም፤ ቤተሰብ ከፍዬ መሄድ አልፈልግም። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አጠገብ ያለችው የደብረ ማርያም ደሴት ግን ቅርብ ናት፤ ጉማሬም ብቅ ሊል ይችላል። ባለፈው አንዱ ባለ ጀልባ «እህቴ፣ የትልቁን ሰው ጃኬት ጠበቅ አድርገን እናስርለታለን» ብሎኝ ነበር። ትከሻው ላይ የማይቆም የመንሳፈፊያ ጃኬት ሕፃን አያድንም። በልካቸው ያለው ካልተገኘ ከዳር ሆነን እናያለን እንጂ አንሳፈርም።

በሐይቁ ዳር በባዶ እግራቸው እንዲንቦጫረቁም አልፈቅድም፤ ቢልሃርዚያ አለ። አጎበራችንንም ከቤት እንይዛለን፤ ባሕር ዳር ወባ ያለበት ከተማ ነው፣ የሆቴሉ አጎበር ደግሞ የተቀደደ ሊሆን ይችላል። ምሳ ዓሣ ነው፤ እሾኩን ለቅሜ የማጎርሳቸው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ እንቅልፋቸውን ከጠገቡ በኋላ፣ ፀሐይ ሲበርድ፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓባይ ድልድይ በእግራችን እናቋርጣለን። 380 ሜትር ነው፤ የልጄ እግር ይችለዋል። ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር ሄደን አዛውንቱን እንፈልጋለን።

ጢስ ዓባይን በአንድ መስመር ሰረዝኩት። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ደብተሩን አይቶ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥቶ ከስርዙ ጎን «ትንሿ በእግሯ መሄድ ስትችል» ብሎ ጻፈበት።