ማኅሌት በሬዲዮና ጎንደር በአታ ቆሞ

ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስለ በረራው የምለው የለኝም። ከአዘዞ ወደ ከተማ ለመግባት ግን ባለታክሲው 1000 ብር አለኝ። ተከራክሬ 700 ከፈልኩ። አሁንም ይከነክነኛል።

የሄድኩት ለማኅሌት፣ ሊቃውንቱ ሌሊቱን ቆመው ለሚያቀርቡት ዝማሬ ነው። ታኅሣሥ 3 በአታ ለማርያም፣ እመቤታችን ቤተ መቅደስ የገባችበት በዓል ነው። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት እንደየዓይነቱ ተማሪው ተፈትኖ የሚመሰከርለት ቦታ አለው። ድጓ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ እንደሚመሰከር ሁሉ፣ የአቋቋም፣ ማለትም ማኅሌት የሚቆምበት ሥርዓት፣ ምስክር ቤት የጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ናት። እኔ ግን ማኅሌትን የማውቀው ከሬዲዮ ነው። እናቴ በበዓል ጠዋት ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች፣ ወረቡ፣ በከበሮና በጸናጽል የሚዘመረው፣ ቤቱን ይሞላዋል። እወደዋለሁ።

ያረፍኩበት ፔንሲዮን ሙቅ ውሃ አልነበረውም፤ ብርድ ልብሱም ስስ ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነስቼ ወጣሁ። የታኅሣሥ የጎንደር ብርድ አጥንት ይገባል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አንድ አባት ስንቀጠቀጥ አይተው፣ «ና ልጄ፣ ከግድግዳው ጠጋ በል» አሉኝ። መቋሚያም ሰጡኝ። «ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ተደገፍበት።» እግዜር ይስጣቸው፣ መቋሚያዋ ባትኖር አላነጋም ነበር።

ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ቆመዋል። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ከበሮ የለ፣ ጸናጽል የለ። ቀጥሎ ዝማሜ መጣ። እዚህ ላይ ደነገጥኩ። መቋሚያው ከዜማው ጋር ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ወደ ጎን ያዘነብላል። ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲዘም የጤፍ ማሳ ነፋስ ሲነካው ይመስላል። ይህ ድምፅ የለውም። ሬዲዮ ምን ቢራቀቅ ሊያመጣልኝ አይችልም።

ከበሮና ጸናጽሉ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። መረግዱ፣ የከበሮው ዝግተኛ ክፍል፣ ቀስ ብሎ ጀመረ። ከበሮው ደረቴ ላይ ይመታል። እየቆየ፣ እየቆየ ፈጠነና ጽፋት፣ ፈጣኑ ክፍል ላይ ሲደርስ ጭብጨባው ተነሣ፤ እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ። ሬዲዮ ብዙ ጊዜ የሚያሰማን ይቺን መጨረሻ ነው። የአየር ሰዓት ስለሚያንሰው ዝግታውን ይቆርጠዋል። ጽፋቱን ግን እንዲህ የሚያደርገው ያ ሁሉ ሰዓት የተቆመበት ዝግታ ነው።

ሬዲዮንም አላማም። ቃሉ በሬዲዮ ይጠራል። በአታ ከኋላ ቆሜ ከግእዙ ብዙው አምልጦኛል። እናቴም ጉልበቷን ስለሚያማት እንደ ድሮው ቆማ ማስቀደስ አትችልም፣ ያለ ሬዲዮ ምን ይውጣት ነበር? ከሁሉ የገረመኝ ግን የሰዉ እርጋታ ነው። እኛ ሰፈር ገና ቅዳሴው ሳያልቅ ዓይኑ ታክሲ የሚፈልግ ሰው ይበዛል። እዚህ ማንም አልቸኮለም።

ሲነጋ ለእናቴ ደወልኩላት። ስለ ወረቡ ብትጠይቀኝ ስለ ዝማሜው አወራኋት። «መቋሚያውን እንዴት ነው የሚያደርጉት?» አለችኝ። ሞከርኩ፣ በስልክ አልሆነልኝም። ለከርሞ ታጣፊ ወንበር ይዤ ራሷን አመጣታለሁ፤ ለታክሲው ደግሞ አስቀድሜ ዋጋ እቆርጣለሁ።