ፋይበሩ የሚመጣው እስከ በር ነው

እስከ 2017 ህዳር ድረስ የቤታችን ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ ነበር የሚመጣው። የምንኖረው አዳማ፣ ደምበላ ነው። እኔ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ሠርግ፣ ምርቃት፣ አልፎ አልፎም የማስታወቂያ ሥራ። ቢሮዬ ከግቢያችን ኋላ ያለችው ሰርቪስ ቤት ናት።

ሥራው አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ መላኩ ነበር። 2 ጊጋባይት የሚሆን ቪዲዮ ለደንበኛ ለመላክ ማታ 3 ሰዓት ላይ አስጀምሬ እተኛለሁ። ሁሉም ከቀና ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ወይም መስመሩ ከተቆረጠ ግን ጠዋት እንደገና ከሀ ነው የሚጀመረው።

ምክንያቱ የገባኝ ቁጭ ብዬ ሂሳቡን ስሠራው ነው። ፓኬጃችን በሰከንድ 4 ሜጋቢት ይላል። እሱ የማውረጃው ፍጥነት ነው። የመላኪያውን ስለካው 0.6 ሜጋቢት ሆኖ አገኘሁት። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 2 ጊጋባይት ማለት 16,000 ሜጋቢት ነው። ለ0.6 አካፍሉት። ከ26,000 ሰከንድ ያልፋል፤ 7 ሰዓት ከምናምን ማለት ነው። ኤዲኤስኤል የሚባለው የስልክ ሽቦ ቴክኖሎጂ ሲሠራ ጀምሮ ማውረጃው ሰፊ፣ መላኪያው ጠባብ ተደርጎ ነው። በዚያን ጊዜ ሰው ከኢንተርኔት ይወስዳል እንጂ ብዙ አይልክም ነበር። ስለዚህ ከፍ ያለ ፓኬጅ ብገዛም መላኪያዬ ከ1 ሜጋቢት እምብዛም አያልፍም። ገንዘብ ከመጨመሬ በፊት ይህን ማወቄ በጀኝ።

ሌላም ያየሁት ነገር አለ። ሞደሙ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አድራሻ ብሮውዘር ውስጥ ሳስገባ የመስመሩን ሁኔታ የሚያሳይ ገጽ ተከፈተልኝ። ምልክቱ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደደከመ በዴሲቤል ይነግራል። የእኛ 48 ነበር። ይህ መዳብ ሽቦ ላይ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ እንደመጓዝ ነው። ከስልክ ማከፋፈያው ጣቢያ በራቅን ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ማንም ባለሙያ ቢመጣ ርቀቱን ሊያሳጥረው አይችልም። በዚያ ላይ የአዳማ ንፋስ አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የንፋስ ተርባይኖች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ያው ንፋስ በምሰሶ ላይ የተዘረጋውን አሮጌ ሽቦ ቀን ከሌት ያወዛውዘዋል። የላላ መጋጠሚያ ደግሞ በእያንዳንዱ ውዝዋዜ ምልክቱን ይረብሻል። ንፋሱ በበረታ ቀን መስመሩ ለምን እንደሚቆራረጥ ያኔ ገባኝ።

ፋይበር ልጠይቅ ሄድኩ፤ በሽቦ ፈንታ በቀጭን መስታወት ውስጥ በብርሃን የሚመጣውን ኢንተርኔት። መልሱ አጭር ነበር። በሰፈራችሁ ያለው የፋይበር ማከፋፈያ ሳጥን ነፃ ፖርት (መሰኪያ) የለውም፤ ጠብቁ ተባልኩ። ሁለት ወር ጠበቅሁ። ከዚያ ከጎረቤታችን፣ ጡረታ ከወጡት መምህር ጋር ሳወራ «ብቻህን ከምትመላለስ ለምን ተሰብስበን አንጠይቅም?» አሉኝ። እድር ላይ አነሱት። ከመንገዳችን አምስት ቤት ፈላጊ ተገኘ። በአንድ ወረቀት አመለከትን። ከዚያ በኋላ አንድ ወር አልፈጀም፤ አዲስ ሳጥን ተሰቀለ። እኚህን ሰው አሁንም አመሰግናቸዋለሁ። ፖርት የለም ከተባላችሁ መጀመሪያ ጎረቤቶቻችሁን አነጋግሩ።

የገጠማው ቀን ባለሙያው ጠዋት መጣ። እማዬ ስለ ግድግዳው ተጨንቃለች። «ልጄ፣ ቀዳዳው ሰፊ ነው?» አለችው። «አይ እናቴ፣ ከእስክርቢቶ አይበልጥም» አላት፤ እውነቱን ነው። ገመዱ ራሱ ቀጭን ነው። ውስጡ ያለው መስታወት 125 ማይክሮ ሜትር ነው፤ የፀጉር ዘለላ ያህል ማለት ነው። ብርሃኑ የሚሄድበት መሃሉ ደግሞ 9 ማይክሮ ሜትር ብቻ።

ባለሙያው ሁለቱን የፋይበር ጫፎች በመበየጃ ማሽን ካጋጠመ በኋላ አረንጓዴውን ማገናኛ በአልኮል ጠረገው። ክዳኑን የከፈተው ሊሰካው ሲል ብቻ ነበር። ለምን እንደሚጠነቀቅ ጠየቅሁት። «አቧራ» አለኝ። አዳማ ላይ አቧራ ምን እንደሆነ የሚኖርበት ያውቃል። 9 ማይክሮ ሜትር ለሆነ መንገድ አንዲት የአቧራ ብናኝ ቋጥኝ ናት። ቻርልስ ካኦ የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳየውም ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ነው። ብርሃን መስታወት ውስጥ ቶሎ የሚደክመው በመስታወቱ ባሕርይ ሳይሆን ውስጡ ባለው ቆሻሻ ነው አለ። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ማገናኛውን በአልኮል የሚጠርገው የአዳማው ልጅም ከዚያው ጠላት ጋር ነው የሚታገለው። አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቀኝ። የተነቀለ ፋይበር ጫፍ ውስጥ በዓይን መመልከት አይገባም። ብርሃኑ ለዓይናችን የማይታይ ሌዘር ስለሆነ አለ የለም ብሎ ማየት አይቻልም፤ ዓይን ግን ሊጎዳ ይችላል። ልጆች ያሉበት ቤት ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ከመሄዱ በፊት የብርሃኑን ኃይል ለካ። መሣሪያው ከዜሮ በታች 19 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ) አሳየ። «ከዜሮ በታች ከ8 እስከ 27 ባለው ውስጥ ከሆነ ደህና ነው» አለኝ። ቁጥሩን ስልኬ ላይ ጻፍኩት። እማዬ ቡና ሳይጠጣ አለቀቀችውም።

አዲሱ ፓኬጃችን 25 ሜጋቢት ነው። ሳሎን ውስጥ በስልኬ ስሞክረው ሙሉው መጣ። ደስ ብሎኝ ወደ ሰርቪስ ቤቴ ሮጥኩ። እዚያ ግን 5 ሆነ። አንዳንዴ 3።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው «ፋይበሩም ያው ነው» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው። ጥፋቱ ግን የፋይበሩ አይደለም። ሞደሙ ሳሎን ውስጥ ቢፌው ኋላ ነው። ከእሱ እስከ እኔ ሦስት የብሎኬት ግድግዳ፣ አንድ የብረት በርና ግቢው አለ። ፈጣኑ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ግድግዳ ላይ ቶሎ ይሞታል። 2.4ው ይደርሳል፤ ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ የተጨናነቀበት ነው። ፋይበር በራችን ድረስ 25 ሜጋቢት ያመጣል፤ ከበር ወዲያ ያለውን የምንሠራው እኛ ነን። ባለሙያው ሲመጣ ሞደሙ የት ይቀመጥ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ቲቪው ጋ ይሁን አልኩት። ማሰብ የነበረብኝ ሥራው የሚሠራበትን ቦታ ነው።

ያለኝ አማራጭ ገመድ መዘርጋት ነበር። 18 ሜትር። ገበያ ወጣሁና በጣም የረከሰ የኔትወርክ ገመድ አገኘሁ፤ ካት 6 (የገመዱ ደረጃ) ይላል። ሻጩን አስፈቅጄ የአንዷን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ ፋቅ ሳደርጋት ከመዳቡ ሥር ነጭ ሆነች። አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ። ቶሎ ይሰበራል፤ ረጅም ርቀት ላይም ይደክማል። ትቼው ሌላ ሱቅ ሄድኩ። ሲፋቅም ቀይ ሆኖ የቀረውን፣ ፀሐይ እንዲችል ጥቁር ሽፋን ያለውን ገዛሁ። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ በአጥሩ ጥግ ሳብኩት። ጫፉ ላይ የድሮውን ራውተሬን እንደ ዋይፋይ ማሰራጫ አደረግሁት። ያን ቀን ማታ 2 ጊጋባይቱን ላክሁ። 13 ደቂቃ። ቆሜ ነው ያየሁት።

ከዚያ ገና ደረሰ። እማዬ ለበዓል ሳሎኑን ታስተካክላለች፤ ቢፌውን ወደ ግድግዳው ገፋነው። በማግስቱ ኢንተርኔቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሞደሙ ላይ ቀዩ መብራት ብልጭ ይላል። ለጥገና ልደውል ስል ስልኬ ላይ የጻፍኩት ቁጥር ትዝ አለኝ። የሞደሙን ገጽ ከፈትኩ። ከዜሮ በታች 19 የነበረው ወደ 28 ወርዷል። በዲቢኤም 3 ሲቀንስ ብርሃኑ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ 9 ሲቀንስ የቀረው ስምንተኛው እጅ ነው። ቢፌውን ሳብኩት። ቢጫዋ የፋይበር ገመድ በቢፌውና በግድግዳው መሃል ተቆልምማ ተጨፍልቃለች። ብርሃን ሰፊ ኩርባ ይችላል፤ በጠባቡ ላይ ግን ከመስታወቱ ይወጣል። ቀስ ብዬ ዘረጋኋት፣ እንደ ሻይ ሲኒ ማስቀመጫ ሳህን ሰፋ አድርጌ ጠቀለልኳትና ከፍ አድርጌ ግድግዳው ላይ አሰርኳት። ወደ 19 ተመለሰ። ያችን ቁጥር ባልጽፋት ኖሮ በዓሉን ሙሉ ባለሙያ ስጠብቅ እከርም ነበር።

አንድ ነገር ግን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም፤ በጣም የቆጨኝም እሱ ነው። የእማዬ የቤት ስልክ። የድሮው መዳብ ሽቦ ከማከፋፈያው 48 ቮልት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ መብራት ቢሄድም ስልኩ ይሠራል። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። አሁን ስልኩ የተሰካው ሞደሙ ላይ ነው፤ መብራት ሲሄድ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። እማዬ አሰላ ካለችው አክስቴ ጋር በየማታው በዚያ ስልክ ነው የምታወራው። በመጀመሪያው ጨለማ ማታ ስልኩን አንስታ ዝም ሲላት «ተበላሸ?» አለችኝ።

በሳምንቱ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ገዛሁ። ስትገዙ የሞደሙ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አስተያዩ። የእኛ 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ነው። ከ3 ሰዓት በላይ ይይዛል። አሁን መብራት ሲሄድ አምፖሉ ብቻ ነው የሚጠፋው፤ እማዬ ወሬዋን አታቋርጥም።

የድሮው ሽቦ ግን አሁንም ከምሰሶው እስከ ጣሪያችን ተዘርግቶ ንፋሱ ያወዛውዘዋል። ክረምት ሳይገባ እንዲያወርዱት አመልክቻለሁ።