ስማቸውን አንብቡልኝ

በሐዋሳ ከሚገኙ የአካባቢ ምክር ቤቶች በአንዱ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ የኢኮኖሚ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴውን የማገዝ ኃላፊነት የእኔ ነበር። የክትትልና ቁጥጥር ቼክ ሊስት አዘጋጃለሁ፣ በመስክ ምልከታ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ግብረ መልስ እጽፋለሁ። ሥራውን በደንብ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። እንደማላውቀው ያሳዩኝ ጡረታ የወጡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናቸው። የኮሚቴው አባል ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን።

ጊዜው የዘጠኝ ወር ሪፖርት የሚሰማበት ሚያዝያ ነበር። በክልል ደረጃ የሚመራ አንድ የኢንቨስትመንት ፕሮግራም በእኛ አካባቢ የማምረቻ ሼዶች ገንብቶ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች አስተላልፏል። አስተባባሪው ሪፖርቱን አቀረበ። የግንባታ አፈጻጸም 98 በመቶ፣ የበጀት አጠቃቀም 94 በመቶ፤ የስምንቱም ሼዶች ርክክብ ተፈጽሟል፤ ለ112 ወጣቶች የሥራ ዕድል ተፈጥሯል። የእኔ ቼክ ሊስት የሚጠይቀውም ይህንኑ ስለነበር በየጥያቄው ፊት የ«ተሟልቷል» ምልክት አድርጌ ወረቀቱን ለሰብሳቢው አሳለፍኩ።

ያን ጊዜ እትዬ እጃቸውን አወጡ።

«የ112ቱን ልጆች ስም አንብቡልኝ» አሉ።

በሐዋሳ የሥራ ነገር እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ከየገጠሩ መጥተው፣ ሦስትና አራት ሆነው ክፍል ተከራይተው ለፋብሪካ ሥራ ሲገቡ አይተናል። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአጎዋ ዕድል ተጠቃሚነት ስትታገድ ደግሞ ለአሜሪካ ገበያ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች ተመቱ፤ ለቀው የወጡም አሉ። እትዬ በግቢያቸው ካሉት ክፍሎች ሁለቱን ለፓርኩ ሠራተኞች ያከራዩ ነበር። ልጆቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወደየአገራቸው ሲመለሱ እስከ መነኸሪያ ሸኝተዋቸዋል። በሪፖርት ላይ «የሥራ ዕድል» የሚል ቃል በተነበበ ቁጥር እነዚያ ልጆች ትዝ እንደሚሏቸው ነግረውኛል።

አስተባባሪው በትሕትና መለሰላቸው። «እትዬ፣ ይህ የክልል ፕሮግራም ነው። ተጠሪነታችን ለክልሉ ቢሮ ስለሆነ ዝርዝሩን ለመስጠት ከበላይ ደብዳቤ ያስፈልገናል።»

ከአሠራር አንጻር ፍጹም ተሳስቷል ማለት አልችልም። በጀቱን ያጸደቀው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ሂሳቡን የሚመረምረውም የክልሉ ኦዲተር። የእኛ ምክር ቤት ከዚያ ገንዘብ አንዲት ብር እንኳን ከአንድ ርዕስ ወደ ሌላው ማዛወር አይችልም። ይሁን እንጂ ሼዶቹ ያረፉት በእኛ መሬት ላይ ነው፤ ልጆቹን መልምሎ ያደራጀውም የእኛው ቀበሌ ነው። ሰብሳቢው ይህን አስታውሰው፣ «ሂሳቡን ለመመርመር አልተነሣንም። ነዋሪዎቻችን ሥራ ላይ መሆናቸውን ሄደን ብናይ ግን የሚከለክለን የለም» አሉ። የመስክ ምልከታ ተቆረጠ፤ ዝርዝሩም ለዚያ ሲባል እንዲመጣ ተጠየቀ።

በግንቦት መጀመሪያ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረበት ማለዳ ሄድን። ከስምንቱ ሼዶች አራቱ ተቆልፈው ነበር። አምስተኛው የአናጢዎች ነው። በሩ ክፍት ነው፤ ልጆቹ ግን የሚሠሩት ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ነበር። አንደኛው የአልጋ እግር በእጅ መላጊያ ይልጋል፤ የላገው እንጨት ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ እርጥቡ ጭቃ ላይ ይወድቃል። ወደ ውስጥ ስንገባ ትልቅ የእንጨት መላጊያ ማሽን ቆሟል፤ የመጣበት ላስቲክ ገና አልተቀደደም። ልጁ ተከትሎን ገባና ገመዱን አንሥቶ አሳየን። «ይህ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ 380 ቮልት ይፈልጋል። የገባልን ነጠላ ፌዝ አምፖል ከማብራት አያልፍም» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእትዬ፣ «የማሽኑ ብድር ግን መቁጠር ከጀመረ ስድስተኛ ወሩ ነው፣ እማማ» አላቸው።

ምክንያቱን ስንከታተል የተንኰል ሥራ ሆኖ አላገኘነውም። የግንባታ ውሉ የሚመለከተው ሕንፃውን ብቻ ነው። ለማሽኖቹ የሚበቃ ኃይል የሚሰጠው ትራንስፎርመር በሌላ በጀት ይሸፈናል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ያ ሌላ በጀት ግን በማንም ዕቅድ ውስጥ አልገባም። ሕንፃው በእርግጥም 98 በመቶ አልቋል። ዝርዝሩም መጣና ከ112ቱ ስሞች 41ዱ ሼዶቹን የገነቡ የቀን ሠራተኞች ሆነው ተገኙ። ግንባታው ሲያልቅ ሥራቸውም አልቋል። በሪፖርቱ ቅጽ ላይ ጊዜያዊና ቋሚ የሥራ ዕድል በየዓምዱ ተለይቶ ተቀምጦ ነበር፤ ወደ አዳራሹ የመጣው ድምሩ ነው። ድምሩን ብቻ እንዲያመጡ የጠየቀው ደግሞ እኔ በእጄ ያዘጋጀሁት ቼክ ሊስት ነው። ያን ቀን ማታ ወረቀቱን አውጥቼ ሳነበው ከአሥራ ሁለቱ ጥያቄዎች ውስጥ ወደ ሼዱ ሳይሄዱ ሊመለስ የማይችል አንድም አልነበረም። በጣም አዘንኩ። ልጁ ስድስት ወር ሙሉ በእጁ ሲልግ እኔ «ተሟልቷል» ብዬ ምልክት ያደረግሁት ምን ነበር?

ግብረ መልሱን ስጽፍ አስተያየት አላበዛሁም። የተዘጉትን ሼዶች፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ዓይነትና ስሞቹን አሰፈርኩ። ሰብሳቢው ፈርመውበት በከተማው ምክር ቤት በኩል ለክልሉ ቋሚ ኮሚቴ ተላከ። ሰኔ 30 ሳይደርስ፣ የአዲሱ ዓመት በጀት ገና በውይይት ላይ እያለ ስለደረሰ ትራንስፎርመሩ ዕቅድ ውስጥ ገባ። ቼክ ሊስቱንም እንደገና ጻፍኩት። አሁን የመጀመሪያው ገጽ ሦስት ዓምድ ብቻ ነው፦ ስም፣ ስልክ፣ ዛሬ የሚሠራበት ቦታ።

በጥቅምት የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ስንሰማ አስተባባሪው ዝርዝሩን ሳይጠየቅ ይዞ መጣ። ቁጥሩ 64 ነበር፤ ሁለት ሼዶችም እስካሁን እንደተዘጉ ራሱ ተናገረ። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉና እያንዳንዱን ስም በእርሳስ ጫፍ እየነኩ ማንበብ ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ስልካቸውን አወጡ። አናጢው ልጅ ነበር። ከወዲያ በኩል የማሽኑ ጩኸት ስለበረታ የሚናገረው አልተሰማቸውም።

«ስትጨርስ ደውልልኝ፣ ልጄ» አሉትና ወደ አራተኛው ስም አለፉ።