የቆመው ከትከሻዋ በኩል ነው

አጥንት የሚረዝመው ከመሃሉ ሳይሆን ከጫፎቹ መሆኑን ያወቅሁት በልጄ ቀኝ ክንድ ምክንያት ነው። በሁለቱም ጫፍ አጠገብ ገና ወደ አጥንትነት ያልተለወጠ ስስ የልም አጥንት ንጣፍ አለ፤ የልጅ ቁመት የሚጨምረው እሱ ሲባዛና ሲጠነክር ነው። ከክርን እስከ ትከሻ ባለው አጥንት ግን ሥራው እኩል አልተከፋፈለም። ከእድገቱ 80 በመቶ ያህሉ የሚመጣው በትከሻ በኩል ካለው ንጣፍ ነው። የልጄ ማደጉን ያቆመው ይኸኛው ነው።

ነገሩ የጀመረው በጨቅላነቷ ነበር። ትኩሳት ያዛት፤ ቀኝ እጇን አታንቀሳቅስም፤ ሳቅፋት ትጮኻለች። መጀመሪያ ያያት ባለሙያ በወሊድ ጊዜ ነርቭ ተጎትቶባት ይሆናል ብሎ ሸኘን። አማቴ በቅቤ ትታሽ አሉ። እኔ ግን ንክኪ ምን ያህል እንደሚያማት እያየሁ ለማንም አልሰጥም ብዬ ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰድኋት። ትከሻዋ ውስጥ መግል ተገኘ፤ ተከፍቶ ታጠበ፤ ለሳምንታት መድኃኒት ወሰደች። ዳነችልን፤ ተመስገን ብለን ወደ ቤታችን ገባን።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ስንወጣ «ክንዷን እያስለካችሁ ተመላለሱ» ያለን ማንም አልነበረም። በጨቅላነት ደም ሥሮች የማደጊያውን ንጣፍ አቋርጠው ስለሚያልፉ አጥንት ውስጥ የገባ ተሕዋስ በእነርሱ በኩል ወደ ጫፉ ይሻገራል። ትከሻ ላይ ደግሞ የአጥንቱ አንገት በከፊል በመገጣጠሚያው ከረጢት ውስጥ ስለሚገኝ መግሉ በቀላሉ ወደ መገጣጠሚያው ይፈስሳል። ጉዳቱ ያኔውኑ በራጅ ላይታይ ይችላል። ንጣፉ ሥራ ማቆሙ የሚታወቀው ሌላው ክንድ ቀድሞት ሲሄድ ነው፤ ያ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ይህ ሁሉ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ከነበረ ለእናት መንገር ምን ይከብዳል?

እኛ የነቃነው በዩኒፎርሟ ነው። የቀኙ እጅጌ ሁልጊዜ መዳፏን ይሸፍነዋል፤ ልብስ ሰፊው «ቀጥ ብለሽ ቁሚ» እያለ ይቆጣታል። ቆይቶ ደግሞ ፀጉሯን ራሷ ልትሠራ ስትሞክር ቀኝ እጇ እንደ ግራው ወደ ላይ እንደማይወጣ አየሁ። ራጁ ሁለቱንም አብራራልን። አጥንቱ አጥሯል። በተጨማሪም የንጣፉ የውስጥ ክፍል ቀድሞ ቆሞ የውጪው ትንሽ ማደጉን ስለቀጠለ የአጥንቱ ራስ ወደ ውስጥና ወደ ታች ዘንብሏል፤ ክንዷን ወደ ጎን ስታነሳ የሚይዛት ይኸው ነው።

ዛሬ ያየናቸው ሐኪም ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠግተው ለእሷ ነው ያስረዱት። ይህን አልረሳላቸውም። እዚያው ቦታ ላይ ስብራት የደረሰባቸው ልጆች እንኳ አብዛኞቹ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ፤ ተጣሞ የገጠመውን አጥንት ጤነኛው ንጣፍ እያደገ ያቃናዋል አሉን። ልጁ ከዛፍ ወድቆ ትከሻው አጠገብ የተሰበረበት ወላጅ ይህን ቢሰማ ይረጋጋል ብዬ ነው የምጽፈው። የእኛ ችግር የሚያቃናው ራሱ መጎዳቱ ነው።

አሁን ልዩነቱ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ዕድሜዋ ዘጠኝ ስለሆነ ገና ይሰፋል። እግር ቢሆን ያነክስ ነበር፤ ክንድ ግን ክብደት ስለማይሸከም ከአምስት ወይም ከስድስት ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልዩነት ብዙውን ጊዜ ሳይነካ ይተዋል። ከዚያ ካለፈ ማስረዘም ይቻላል። ዘዴውን ያስፋፉት ኢሊዛሮቭ የተባሉ የሶቪየት ሐኪም ናቸው፤ በሳይቤሪያዋ ኩርጋን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ። አጥንቱ ተቆርጦ ከውጭ በብረት ይያዛል፤ ከዚያ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር፣ እሱም በአራት ጊዜ ተከፋፍሎ፣ ቀስ እያለ ይለያያል፤ በክፍተቱም አዲስ አጥንት ይበቅላል። የዘነበለውንም አብሮ ማቃናት ይቻላል። ብረቱ ለወራት አይወጣም፤ ሽቦዎቹ የገቡበት ቆዳ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ የእጅ አንጓን ቀና የሚያደርገው ነርቭም በዚያው ስለሚያልፍ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

እኔ ጊዜው ሲደርስ ቢሠራላት እወዳለሁ። አባቷ «ትጽፋለች፣ ትበላለች፣ ኳስ ትጫወታለች፤ ለምን ትሠቃያለች?» ይላል። እሷ ሐኪሙን የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ብረቱ እጇ ላይ እያለ ትምህርት ቤት መሄድ ትችል እንደሆነ። ትችያለሽ አሏት።