ቀኑ ያልደረሰ ቼክ

አዳማ ላይ ሲሚንቶና ፌሮ የሚነግድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ቀኑ ያልደረሰ ቼክ አይጠፋም። ዕቃው ዛሬ ይጫናል፣ ቼኩ ላይ የሚጻፈው ቀን ግን የመጪው ወር ነው። "እስከዚያ ባንክ አይገባም" ተባብለው ይለያያሉ። ባንክ ቤት መስኮት ላይ ስሠራ ያየሁት የቼክ ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚህች የቃል ስምምነት የሚነሳ ነበር። ሕጉ ግን አያውቃትም።

የቼክ ነገር የሚመራው እስካሁን በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። በ2013 አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣም ይህ ክፍል አልተሻረም። በዚህ ሕግ ቼክ እንደቀረበ ይከፈላል። የወደፊት ቀን ተጽፎበት ቀድሞ ቢመጣ እንኳ በቀረበበት ዕለት ነው የሚከፈለው። ሒሳቡ ውስጥ ብር ካለ ይከፈላል። ከሌለ ባንኩ ምክንያቱን ጽፎ፣ ማህተም አድርጎ ይመልሰዋል። ደረቅ ቼክ የምንለው ይኸው ነው።

አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ነበሩን። ቼካቸው መቅረቡን በስልክ ስንነግራቸው ከፍራንኮ ሰፈር በባጃጅ እየበረሩ መጡ።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ የዋስትና ቼክ ነው። እንዳታስገባው ብዬዋለሁ።"

"ጋሼ፣ ዋስትና መሆኑ የት ተጻፈ?"

"ተማምነን ነዋ! እስከ ሰኞ ብቻ አቆዪልኝ።"

ማቆየት አልችልም። ቼኩን ያመጣው ሰው ፊት ለፊቴ ቆሟል፣ ወይ ብሩን ወይ ማህተም ያረፈበትን ወረቀት ይፈልጋል። ጋሼ ደግሞ ሌባ አይደሉም። ብር ተበድረው፣ መጠኑ ያልተሞላ ቼክ ላይ ፈርመው ሰጥተዋል። ቁጥሩን የሞላው አበዳሪው ነው።

እኔን እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አራጣ በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል። ግን አራጣ አበዳሪ ወለዱን ወረቀት ላይ አያሰፍርም፣ ስለዚህ ማስረጃው ከባድ ነው። ተበዳሪው የፈረመው ቼክ ግን እጁ ላይ ነው። ወንጀል የሠራው ሰው ከሳሽ ሆኖ ይቀርባል፣ የተበደረው ተከሳሽ ይሆናል። "ለዋስትና የሰጠሁት ነው" የሚለው መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ አያድንም።

ቅጣቱ ቀላል አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 መሠረት፣ ብር እንደሌለ እያወቀ ቼክ ያወጣ ሰው በቀላል እስራት ይቀጣል። እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል፣ መቀጮም አለ። "ስጽፍ ብር ነበረኝ" የሚል ሰው ብዙ ነው። ሕጉ የሚያየው ግን ቼኩ የተጻፈበትን ቀን ብቻ አይደለም፣ ባንክ የቀረበበትንም ጭምር ነው። በመሀል ብሩን አውጥቶ ሌላ ዕቃ የገዛበት ሰው አላመለጠም። በቸልተኝነት የተደረገም ቢሆን ያስቀጣል፣ ቅጣቱ አነስ ይላል እንጂ። ድርጅት ከሆነ ደግሞ ፖሊስ የሚፈልገው የፈረመውን ሥራ አስኪያጅ ነው። ከተከሰሱ በኋላ ብሩን መክፈል ቅጣቱን ሊያቀልል ይችላል፣ ወንጀሉን ግን አይሰርዘውም።

የፍትሐ ብሔሩ ክስ ለብቻው ይሄዳል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 284 ለቼክ አጭር መንገድ አበጅቷል። ተከሳሹ እንደ ሌላው ክስ ዝም ብሎ መልስ አያቀርብም። ለመከላከል መጀመሪያ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ አለበት፣ ምክንያቱንም በመሐላ ቃል አስደግፎ ማሳየት ይጠበቅበታል። ካልተፈቀደለት ይፈረድበታል፣ አለቀ። ባንኩም በበኩሉ ደጋግሞ ደረቅ ቼክ የጻፈን ሰው ሒሳብ ይዘጋል። ስሙ በብሔራዊ ባንክ በኩል ለሌሎቹ ባንኮች ስለሚደርስ፣ ከአንዱ ወጥቶ ጎረቤት ባንክ ሒሳብ መክፈት አይሆንለትም።

ቼክ ተቀባዮችም አትኩራሩ። ቼክ በ6 ወር ውስጥ ባንክ መቅረብ አለበት። "ይሉኝታ ይዞኝ ነው" እያለ ከዓመት በኋላ የተጣጠፈች ቼክ ይዞ የመጣ የብረት ነጋዴ አስተናግጃለሁ። ምን ላድርገው? ለማታውቁት ሰው ትልቅ ሽያጭ ከሆነ ሲፒኦ፣ ማለትም ባንኩ ራሱ የሚያወጣውን የክፍያ ማዘዣ፣ ጠይቁ። ሲፒኦ ሲሠራ ባንኩ ብሩን አስቀድሞ ይይዛል።

ቼክ ሰጥታችሁ በኋላ ብሩን በእጅ ወይም በቴሌብር የከፈላችሁ ደግሞ ቼኩን ሳትቀበሉ እንዳትወጡ። ተቀባዩ "ቤት ረስቼዋለሁ፣ እቀደዋለሁ" ካላችሁ ቤቱ ድረስ አብራችሁ ሂዱ። ጠፋ ካለም የቼኩን ቁጥርና መጠን ጠቅሶ ብሩን እንደተቀበለ በወረቀት ይፈርምላችሁ፣ ሁለት ምስክርም ጨምሩበት።