ኢሜይሎቹን ሲያጠፋ የነበረው ማን ነው?

ጅማ ውስጥ ከቡና ላኪዎች ጋር የሚሠራ ሰው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ያውቀዋል። ስልክ አያርፍም፣ ኢሜይልም እንደዚያው። የገዢው ኮንትራት፣ የናሙና ውጤት፣ የኤልሲ (የባንክ ክፍያ ዋስትና ሰነድ) ማስተካከያ፣ የመርከብ ሰነድ ረቂቅ፣ ሁሉም የሚመጣው በኢሜይል ነው። የእኔ ሥራ ኮምፒውተር ጥገና ነው። በዚያ ሩጫ መሀል ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካለ አንድ ቢሮ ተደወለልኝ። «ኢሜይላችን መልእክት በራሱ ይሰርዛል፣ ቶሎ ድረስልን» አሉኝ።

ኢሜይሉን የሚከታተሉት የሂሳብ ክፍሏ ሴትዮ ናቸው። በእድሜ ከእናቴ ጋር ይቀራረባሉ፣ «እትዬ» ነው የምላቸው። «የኔ ልጅ፣ ጠዋት ያየሁት ደብዳቤ ከሰዓት ስፈልገው የለም። እኔ ምንም አልነካሁም» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ምሬት ነበር። ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በቢሮው ውስጥ ማንም ባይናገረውም ጥርጣሬው እሳቸው ላይ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የፕሮግራም ብልሽት ብቻ አልነበረም። የሰው ስም ነበር።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ፕሮግራሙን መዝጋት ነው። የኔትወርክ ገመዱን ነቀልኩ። ከዚያ ኢሜይል የሚያነቡበት ፕሮግራም፣ ተንደርበርድ፣ መልእክቶቹን የሚያስቀምጥበትን ሙሉ ፎልደር ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ኮፒ አደረግሁ። ይህን ሳላደርግ አንድም ሴቲንግ አልነካም። ምክንያቱም ተንደርበርድ ላይ የተሰረዘ መልእክት ወዲያው ከፋይሉ አይወጣም። «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ይደረግበትና ከዓይን ይጠፋል እንጂ ጽሑፉ እዚያው ነው። የሚያጠፋው «ኮምፓክት» የሚባለው ሥራ ነው፣ ፋይሉን እንደ አዲስ ጽፎ ምልክት ያለባቸውን ያስወጣል። ፕሮግራሙ ይህን በራሱም ሊያደርገው ይችላል። ከዚያ በኋላ ማስመለስ የማይታሰብ ነው።

ቀጥሎ ቀላል ቀላሉን አየሁ። ያልተነበቡትን ብቻ እንዲያሳይ የተደረገ ማጣሪያ አለ ወይ? የለም። መልእክቶቹ በቀን ሳይሆን በላኪ ስም ተደርድረው ይሆን? አይደለም። ሁሉንም ፎልደር ፈለግሁ፣ የሉም። ከዚያ በስልኬ ብራውዘር የቢሮውን ዌብሜይል ከፈትኩ፣ ይህ ሰርቨሩ (መልእክቱ መጀመሪያ የሚደርስበት ዋና ኮምፒውተር) ላይ ያለውን በቀጥታ ያሳያል። እዚያም የሉም።

ይህች ትንሽ ፍተሻ ብዙ መንገድ ታሳጥራለች። መልእክቱ ከኮምፒውተሩ ጠፍቶ ዌብሜይል ላይ ካለ ችግሩ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው። ለምሳሌ ተንደርበርድ አንድን ኢንቦክስ በሙሉ በአንድ ትልቅ ፋይል ስለሚያስቀምጥ፣ አንቲቫይረስ በአንድ መጥፎ አባሪ የተነሳ ፋይሉን እንዳለ ሊያግደው ይችላል። የኛ ግን ከሰርቨሩም ጠፍቷል። ስለዚህ አንቲቫይረሱን ነፃ አወጣሁት።

ትራሹን፣ ማለትም የተሰረዘ መልእክት የሚገባበትን ፎልደር፣ ሳይ ደግሞ ልቤ ቀለል አለው። እትዬ በእጃቸው ሰርዘውት ቢሆን ኖሮ መልእክቱ ትራሽ ውስጥ ይገኝ ነበር። ትራሹ ውስጥ ግን እሳቸውም የሚያስታውሷቸው ማስታወቂያዎች ብቻ ናቸው ያሉት። የጠፉት በትራሽ በኩል አላለፉም። ይህን ለቢሮው ሰዎች ሁሉ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። እዚያው መነገር ነበረበት።

«እንግዲያው ሃክ ተደርገናል» አለ አንዱ። ይህን ሐሳብ የሚያጠናክር ነገርም ነበራቸው። ከዚያ በፊት ፓስወርድ ቀይረው ነበር፣ በቀየሩ ሰሞን መጥፋቱ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ቀን ብዙ መልእክት በአንዴ ሄደ። «አዲሱንም ፓስወርድ ደርሰውበታል» ብለው ደመደሙ። ዌብሜይሉ ላይ ገብቼ ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ወይም በራሱ የሚሰርዝ ሕግ ተቀምጦ እንደሆነ ፈተሽኩ። የውጭ ንግድ ደብዳቤ የሚሰርቁ ሌቦች በአብዛኛው የሚተዉት አሻራ ይህ ነው። ምንም የለም።

መንገዱን ያሳየኝ የእትዬ ደብተር ነው። የገባውን ደብዳቤ ሁሉ በእጃቸው ይመዘግባሉ። በሀበሻ ቀን፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የጠፋውን ደግሞ ጎኑ ላይ በቀይ። ቁጭ ብለን አብረን ቆጠርን። ጥቅምት 6 የገባው ጥቅምት 20 ጠፋ። ጥቅምት 9 የገባው ጥቅምት 23። ጥቂቶቹ አንድ ሁለት ቀን ይዘገያሉ። ጥቂቶች ደግሞ በገቡ በማግስቱ ነው የጠፉት። ግን አብዛኛው 14 ቀን ነው። ሌባ ቀን ቆጥሮ አይሰርቅም። 14 ቀን የሚቆጥረው ሴቲንግ ነው።

ሆኖም የእትዬ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ ሴቲንግ የለም። ስለዚህ ሌላ ማሽን አለ ማለት ነው። «ይህን ኢሜይል ሌላ ማን ይከፍተዋል?» ስላቸው «እኔ ብቻ» ነበር መልሱ። ጥያቄውን ቀየርኩት። «ፓስወርዱን የቀየራችሁ ጊዜ አዲሱን ማን ጠየቀዎት?»

ትንሽ አሰቡ። «ጋሼ ጠይቀውኛል። አጋሮ ሆነው ደውለው በስልክ ነገርኳቸው።»

ጋሼ ሥራ አስኪያጁ ናቸው። በቡና ወቅት ጅማ ቢሮ ብዙም አይቀመጡም። ከከተማው 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ አጋሮ ላይ፣ ግዢው አጠገብ ናቸው። አሮጌ ላፕቶፕ አላቸው። እሱንም የቢሮ ኢሜይል ለማንበብ እንጂ ለሌላ አይጠቀሙበትም። በማግስቱ ይዘውት መጡ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ልበል። ኢሜይል ከሰርቨር የሚነበብባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፣ ፖፕ እና አይማፕ። ፖፕ ፖስታ ሳጥን ከፍቶ ደብዳቤውን ይዞ ወደ ቤት እንደሚሄድ ሰው ነው፣ አይማፕ እዚያው ሳጥኑ ጋ ቆሞ ያነባል። ዛሬም የምንጠቀምበት ፖፕ 3 ደንቡ በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጸደቀ ነው። ያኔ ኢንተርኔት በስልክ መስመር ነበር፣ የሰርቨር ቦታም ጠባብ ነበር። አውርዶ ከሰርቨር ማጥፋት ለዚያ ዘመን ትክክል ነው። አንድ ሳጥን ሁለት ሰው ሲጠቀምበት ግን ጣጣው ይመጣል። የእትዬ ኮምፒውተር በአይማፕ፣ የጋሼ ላፕቶፕ በፖፕ ነበር።

ላፕቶፑ ላይ የአካውንቱን ሴቲንግ ከፈትኩ። «ሊቭ ሜሴጅስ ኦን ሰርቨር» (መልእክቶችን ሰርቨር ላይ ተው) የሚለው ላይ ምልክት አለ፣ ይህ ደህና ነው። ሥሩ ግን ሁለት ንዑስ ምርጫዎች ተመርጠዋል። አንደኛው ቢበዛ ለ14 ቀን ብቻ ሰርቨር ላይ ተው ይላል። ሁለተኛው ባለቤቱ እስኪሰርዘው ድረስ ተው ይላል። የደብተሩ ምሥጢር ሁሉ እነዚህ ሁለት መስመሮች ላይ ተፈታ። 14ቱ ቀን የሚቆጠረው ላፕቶፑ መልእክቱን ካወረደበት ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ጋሼ ዘግይተው ሲከፍቱ መጥፋቱም ይዘገያል። በማግስቱ የጠፉት ደግሞ ጋሼ አንብበው ከላፕቶፓቸው የሰረዟቸው ናቸው። ፓስወርዱ ሲቀየር ላፕቶፑ መግባት አቃተው፣ መጥፋቱም ቆመ። አዲሱን ሲያስገቡ ቀኑ ያለፈበትን ሁሉ በአንዴ አጸዳው። በፖፕ ትእዛዝ የተሰረዘ ደግሞ ትራሽ ውስጥ አይገባም።

በግምት መተው አልፈለግሁም። ከስልኬ «ሙከራ» የሚል መልእክት ላክሁ። የእትዬ ስክሪን ላይ ታየ። ላፕቶፑ አወረደው። ጋሼ ራሳቸው ላፕቶፑ ላይ ሰረዙት፣ መልእክት አምጣ የሚለውንም ደግመው ተጫኑ። እትዬ ስክሪናቸው ላይ ሲጠፋ እያዩ «ይኸው!» አሉ። ጋሼ ወደ እሳቸው ዞረው ይቅርታ ጠየቁ፣ ሁሉም እየሰማ።

ከዚህ በኋላ ያለው መመለሱ ነው። ሁለቱንም ምልክቶች አነሳሁ። ተንደርበርድ ላይ የፖፕ አካውንት ወደ አይማፕ አይቀየርም፣ አዲስ መክፈት ያስፈልጋል። አሮጌውን ግን ቀድሞ ማጥፋት አደጋ ነው፣ የጠፉት መልእክቶች ያሉት እሱ ውስጥ ነው። የሰርቨሩ ቦታ እንደሚበቃ አየሁና አይማፑን አጠገቡ ከፈትኩ። መልእክቶቹን በየወሩ ከፍዬ ወደ ሰርቨሩ ኮፒ አደረግሁ። «ሙቭ» ሳይሆን «ኮፒ»። መሀል ላይ መብራት ሄደ። ኮፒ ስለነበር አንድም አልጠፋም፣ አንድ ፎልደር ውስጥ የተደገሙትን ብቻ አጸዳሁ።

ጋሼ የሰረዟቸው ይበልጥ አድካሚ ነበሩ። የላፕቶፑን ኢንቦክስ ፋይል ኮፒ በጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ከፈትኩት። በእያንዳንዱ መልእክት ራስጌ ላይ «ኤክስ-ሞዚላ-ስታተስ» የሚል መስመር አለ። 0009 ካለ ተነቧል ተሰርዟልም ማለት ነው። 0001 ሲሆን ተነቧል ብቻ። የሚያስፈልጉትን እየፈለግሁ 9ኙን ወደ 1 ቀየርኩ። አብሮት ያለውን የኤምኤስኤፍ ማውጫ ፋይል ሰርዤ ተንደርበርድን ስከፍት መልእክቶቹ ተመልሰው ተደረደሩ። ኮምፓክት የተደረጉት አልተመለሱም። ለእነሱ እትዬ ደብተራቸውን ይዘው ለገዢው ጻፉ፣ ገዢውም እንደገና ላከላቸው።

አንድ ነገር ለሁለቱም አጥብቄ ነገርኳቸው። በአይማፕም ቢሆን አንዱ የሰረዘው ከሌላውም ይጠፋል። ልዩነቱ ትራሽ ውስጥ መገኘቱ ነው። ስለዚህ ጋሼ ኢንቦክሳቸውን ማቅለል ሲፈልጉ በዲሊት ፈንታ «ኤ» የምትለዋን ቁልፍ ይጫኑ ተባባልን። መልእክቱ «አርካይቭስ» ፎልደር ውስጥ ይገባል፣ እትዬም ሲፈልጉት እዚያ ያገኙታል።